እፍኝ ቆሎ በፍልሰታ

ባለፈው ሳምንት ጋሸና ላይ ጎማ ተንፍሶብን ቆምን። ጎሚስታው ጎማውን ፈትቶ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ እኔ አንዱን ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሌላውን በእጄ ይዤ መኪናዋን እዞራለሁ። ከላሊበላ ሆቴሉ ይደውላል፤ ከአዲስ አበባ እንግዶቹን የሚልኩልን ሰዎች ይደውላሉ። ቅዳሜ የሚገቡ እንግዶች አሉ። እንግዳ ጠፍቶ ከርሞ ገና ብቅ ብቅ ማለት የጀመረበት ጊዜ ነውና አንዱንም ስልክ ሳላነሣ ማለፍ አልሆነልኝም። አንዲት ሴት ቆሎ በወረቀት እየጠቀለለች ስትሸጥ በአጠገቤ አለፈች። ወሬዬን ሳላቋርጥ ገዛሁ፤ ሳላቋርጥ ዘገንኩ፤ እጄንም ወደ አፌ ላክሁት።

አገጬ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፍልሰታ ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነበር፤ ሰዓቱም ገና ከጠዋቱ አምስት።

«ምነው ጋሼ? ጠጠር አገኙበት እንዴ?» አለኝ ታደለ። ታደለ የታላቅ እህቴ የእትዬ እናኑ ልጅ ነው፤ መኪናዬን የሚነዳልኝም እሱ ነው። ጠዋት ከወልድያ ስንነሣ «ዘንድሮም ሱባኤ አይገቡም?» ብሎ ጠይቆኝ «ጊዜ የታለና?» ብዬው ነበር። ከክፉው ዘመን ወዲህ ሦስት ፍልሰታ አመለጠኝ፤ ይኼ አራተኛው ሊሆን ነው። እሱም ሳቅ ብሎ «እርስዎ ጊዜ ካጡ እኔማ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ!» አለኝ። ነገሯ ሆዴ ውስጥ ገብታ ስትቆረቁረኝ ነበር የመጣሁት፤ ቆሎው ደግሞ ጨመረበት። ስልኮቹን ኪሴ ከተትኩና ጎማው እስኪጠገን ድረስ ለዘመድ ነግሬው የማላውቀውን አንድ ታሪክ ነገርኩት። ለእናንተም ያንኑ ነው የምነግራችሁ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከገነተ ማርያም ወዲህ፣ ሸንተረሩ ላይ ያለችው የሰፈራችን ሚካኤል ዲያቆን ነበርኩ፤ ላሊበላ ከተማ ደግሞ እንግዳ እየመራሁ አስጎበኛለሁ። ጠዋት ከተማ፣ ከሰዓት ገጠር፤ በመካከሉ ያለው መንገድ የእኔ ጓዳ ነበር ማለት ይቻላል። የምበላው እየሄድኩ፣ የምጸልየው እየሄድኩ፣ ዜማ የማጠናውም እየሄድኩ ነበር። ኮቴ ኪስ ውስጥ ቆሎ ጠፍቶ አያውቅም። ከፊደል እስከ ዜማ ያስተማሩኝ፣ ሚካኤልንም የሚያስተዳድሩት የኔታ ልሳነወርቅ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ደሳለ» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን በልቤ «እርስዎ ዛፍ መውጣት ስለተዉ ነው» እላለሁ። ወጣትነት እንዲህ ያለ ድፍረት አለው።

ጌጡ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። እንደ እኔው ዲያቆን፣ እንደ እኔው አስጎብኚ፤ ሰፈሩ ከእኛ ወንዝ ማዶ ነው። የዚያን ዓመት ፍልሰታ ሊገባ ሲል ሥራውን ጥሎ ለአንድ ሱባኤ፣ ማለት ለሰባት ቀን፣ ከሰፈሩ በታች ካለው ጠበል አጠገብ የሣር ጎጆ ሊገባ እንደሆነ ነገረኝ። ሰው ሳያናግር፣ በቀን አንዴ ጥሬ እየቀመሰ ሊጸልይ።

«አንተ፣ አብደሃል? ፈረንጅ የሚበዛው እኮ አሁን ነው!»

«እኔም የምሄደው ለዚያ ነው» አለኝ ረጋ ብሎ። «ሥራ ሲጠፋማ ማን ያርፋል? ያ ሥራ መፍታት ነው እንጂ ዕረፍት አይደለም።»

ሳቅሁበት። «ጌጡ ጎጆ ውስጥ ሊተኛ ሄደ» እያልኩ ከተማውን ሁሉ አሳቅሁበት፤ የሱንም እንግዶች ደስ እያለኝ ተረከብኩ።

እዚህ ላይ አንድ ሁለት ነገር ማወቅ አለባችሁ። ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን አይቀደስም። የእኛ ሚካኤል ደግሞ የገጠር ደብር ናትና ያ ሳምንት ያሰባሰበው ልክ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ነው፤ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ተራው የደረሰው አገልጋይ ሰሞነኛ ይባላል። ሳምንቱን ከግቢ አይወጣም፤ ቀድሶ እስኪጨርስም ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንኳ አይቀምስም። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ስለሆነ ጠዋቱ ባዶ ነው፤ ሰሞነኛው ቢፈልግ ይጸልይበታል፣ ቢፈልግ ጋደም ይልበታል። እኔ ያ ባዶ ጠዋት ዓይኔን ወጋኝ። ባዶ ጊዜ ሲያገኝ ሳይሞላው የማይተኛ ሰው ነበርኩ፤ ዛሬም ብዙ አልተሻልኩም።

ያን ሐሙስ እንኳን ከግቢ ልወጣ፣ ተጎልቼ መዋል ነበረብኝ። እትዬ እናኑ አራስነቷን ጨርሳ ልጇን ክርስትና የምታስነሣበት አርባኛ ቀን ነበር። የመጀመሪያ ልጇ በሠላሳ ስምንተኛ ቀኑ፣ በአንድ ሌሊት ትኩሳት፣ ቄስ ተጠርቶ ሳይደርስለት ሞቶባታል። ከዚያ ወዲህ ሳቋ ጠፍቶ ነበር። ይኼኛው ከተወለደ ጀምሮ ግድግዳው ላይ በከሰል እያሰመረች ነው ቀን የቆጠረችው። የሚጠመቅ ሕፃን ያኑ ዕለት ይቆርባል፤ ቅዳሴ ከሌለ ቁርባን የለም፤ ቁርባን ከሌለም ጥምቀቱ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ለእሷ ደግሞ «ሌላ ቀን» የሚባል ነገር ምን ማለት እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

እኔ ግን ከማለዳው ጸሎት በኋላ በግቢው ጀርባ ሾልኬ ወጣሁ። ሁለት እንግዶች መንገድ ላይ ይጠብቁኝ ነበር፤ ገነተ ማርያምን አሳይቻቸው እስከ አምስት ሰዓት ተኩል እመለሳለሁ ብዬ ነው። አሳየኋቸው፤ ተሰናበትኳቸው። ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ጭቃው ጫማዬን ይስባል፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ይሸፍናል፣ በግራ በቀኝ ያለው ገብስ ዝናብ ጠጥቶ ተኝቷል። እኔ ግን የቅዳሴውን ዜማ በአፌ፣ የነገውን እንግዳ በሐሳቤ፣ ሰዓቱን በእጄ ይዤ እሮጣለሁ። ስሮጥ ስሮጥ ከሚካኤል በር ደረስኩ።

በሩን ልሳለም ጎንበስ ስል ምላሴ ጥርሴ መካከል የሽምብራ ገለባ አገኘ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ከጾሙ በፊት ሞልቼው የነበረው ኪስ ግማሹ ጎድሏል። ዳገቱን ስወጣ እየቃምኩ ነው የመጣሁት! መቼ እንደጀመርኩ፣ ስንት ጊዜ እንደዘገንኩ አላውቅም። እዚያው አጥሩ ሥር ተፋሁ፤ አፌን በዝናብ ውሃ ልጉመጠመጥ ብዬ ውሃም እንደማይቀመስ ትዝ አለኝና ተውኩት። ወይ ጉድ! ቆሎውን ለበላ ሰው የውሃው ሕግ ምን ያደርግለታል?

ማንም አላየኝም። ይህ ነበር መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፤ አልደብቃችሁም። አንድ እፍኝ ቆሎ ነው፤ ሳላውቅ ነው። ዝም ብዬ ብገባ ሕፃኑ ይጠመቃል፣ እህቴ ትስቃለች፣ ነገ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ። ብናገር ግን ቅዳሴው ይታጎላል። ወደ ግቢው ስገባ እትዬ እናኑ ከሴቶቹ በር አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሕፃኑ በነጭ ተጠቅልሎ እቅፏ ውስጥ ነው። ስታየኝ ፈገግ አለች። ጎንበስ ብዬ ግንባሩን ሳምኩት።

«እንዴት ይጮሃል!» አልኳት።

«ርቦት ነዋ። ሳይቆርብ አይጠባ ነገር፤ ከንጋት ጀምሮ ነው እኮ» አለችኝ። «ቶሎ በሉልኝ እንግዲህ፣ ወንድምዬ።»

ዕቃ ቤት ገባሁ። ሁለቱ ዲያቆናት ለብሰዋል። ልብሰ ተክህኖዬን አነሣሁ። የኔታ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ቢቆጡኝ፣ «የት ነበርክ?» ቢሉኝ ኖሮ ዋሽቼ የምገባ ይመስለኛል። ውሸቱን መንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ አሉኝ፦

«ደሳለ፣ ደክሞሃል። ምን ሆነሃል ልጄ?»

ልብሱን መልሼ ሰቀልኩት። «የኔታ፣ አፌን ሽሬያለሁ» አልኳቸው።

ከውጭ የሕፃኑ ልቅሶ ብቻ ይሰማል።

«ምን በላህ?»

«ቆሎ። እየሄድኩ ነው። አላወቅሁም።»

«ጣፈጠህ?»

ጥያቄው ግራ ገባኝ። «አላወቅሁትም እኮ የኔታ። መብላቴንም ያወቅሁት በሩ ላይ ነው።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ርቦህ ብትበላ አዝንልህ ነበር» አሉ። «የእግዜርን እህል ጣዕሙን እንኳ ሳታውቀው በላኸው! እንግዲህ ከጸሎቱስ፣ ከሰላምታውስ፣ እንዲሁ ሳታውቀው ያለፈህ ስንቱ ነው?» ከዚህ ሌላ የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። ሰዓታቸውን አዩ፤ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይላል። «በአካባቢው ያልሻረ፣ ንጹሕ ሆኖ የሰነበተ ዲያቆን ማን አለ?»

ሰው አጣን። የቅርቦቹ ዲያቆናት ሁሉ በየደብራቸው ተሰማርተዋል። እኔ ግን አውቅ ነበር። ስሙን ለማውጣት አፈርኩ እንጂ።

«ጌጡ» አልኩ በመጨረሻ። «ማዶ፣ ጠበሉ ጋ።»

የኔታ ወጥተው ለምእመናኑ አንድ ዲያቆን እንደጎደለ ብቻ ተናገሩ፤ ስሜን አልጠሩም። ለእትዬ እናኑ ደግሞ «እስከ ስምንት ሰዓት ጠብቂ፤ ስምንት ካለፈ ሕፃኑን አጥቢና ይዘሽው ግቢ። ሌላ ቀን እናጠምቀዋለን» አሏት። «ሌላ ቀን» ሲሏት ፊቷን አየሁት። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላዬ አላየሁም።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩ እንጃ። ወንዙ ጠዋት ከጉልበት በታች የነበረው ደፍርሶ ወገብ ደርሷል። ዱላ ይዤ ተሻገርኩ። የጌጡ ጎጆ በር ተዘግቷል። ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ሱባኤ ላይ ያለ ሰው እንደማይናገር አውቃለሁ። ስለዚህ ከውጭ፣ ዝናቡ እየወረደብኝ፣ ለሣር ግድግዳ ሁሉንም ተናገርኩ፦ ቆሎውን፣ ሕፃኑን፣ ስምንት ሰዓትን። በሱ ላይ የሳቅሁትንም ጨመርኩበት። የሱባኤው ቀን ሊያልቅ አንድ ቀን ነበር የቀረው፤ እኔ ብሆን ኖሮ አልወጣም ነበር።

በሩ ተከፈተ። ጌጡ ከስቷል፤ ፊቱ ግን ታጥቦ የተሰጣ ነገር ይመስላል። «የእትዬ እናኑ ልጅ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ነጠላውን አነሣና ወጣ።

ልሮጥ ስል ክንዴን ያዘኝ። «አትሩጥ። ትንፋሼ ተቆራርጦ ምን ልቀድስ ነው? በርትተን እንራመድ።» ከጎኑ ተራመድኩ። ያን ያህል የረዘመ መንገድ በሕይወቴ አልሄድኩም።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ሌላ ጣጣ መጣ። ውሃው ይረጫል፤ ጠብታ አፉ ከገባ እሱም ሻረ ማለት ነው። ነጠላውን አፍና አፍንጫው ላይ ጠምጥሞ አሰረ፤ እኔ አዘልኩት። መሐል ላይ ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ሸሸ። ተንገዳገድኩ፣ ውሃው ደረቴን መታኝ፣ ወደ ፊትም ተደፋሁ። ጌጡ አልጮኸም፤ አፉን ላለመክፈት ትከሻዬን ብቻ ጨመደደኝ። የጥፍሩ ምልክት ሳምንት ሙሉ ነበረብኝ። እንደምንም ቆምኩ። ማዶ ሳወርደው ነጠላው ረጥቧል፤ ከውስጥ ግን ከንፈሩ ደረቅ ነበር። በጣቱ ነክቶ አሳየኝ።

ሚካኤል ስንደርስ ሕዝቡ ዝናቡን ሽሽት በቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ተደርድሯል። ያ ሁሉ ሰው ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ሽማግሌም አለ፣ ነፍሰ ጡርም አለች። አንድ ሰው ቢሳደብ ደስ ባለኝ ነበር። የሕፃኑ ድምፅ ሳስቷል፤ ልቅሶው ወደ ማቃሰት ሄዷል። እትዬ እናኑ ቀሚሷን ደረቷ ላይ የያዘችበትን መርፌ ቁልፍ ፈትታ በከንፈሯ ነክሳ ይዛለች። ዓይኗ ከየኔታ ሰዓት ላይ ነው። የኔታ ቀና ሲሉ እኛን አዩ። እሷም አየችን። መርፌ ቁልፉን ከከንፈሯ አወጣችና ቀሚሷን መልሳ ያዘችበት።

ሕፃኑ ተጠመቀ፤ ቅዳሴው ገባ። እኔ በሌላ ጊዜ ከመጋረጃው ውስጥ የምቆመው ሰው ያን ቀን ከሕዝቡ ሁሉ ኋላ፣ ከደጁ፣ እግሬ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ቆምኩ። የጌጡ ድምፅ ከውስጥ ሲመጣ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት። ስንት ዓመት በአፌ ያልኩትን ዜማ መጀመሪያ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ቆርበው ሲወጡ እትዬ እናኑ ደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጣ ልጇን አጠባች። ሲውጥ ይሰማኝ ነበር። ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ አለቀስኩ።

የኔታ ቀኖናዬን የሰጡኝ በማግሥቱ ነው። ስግደት ጠብቄ ነበር፤ ጾም ጠብቄ ነበር። «ከጌጡ ጎጆ ግባ» አሉኝ። «ሰባት ቀን ምንም አትሥራ። ጸልይ፣ ሲደክምህ ተኛ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እፍኝ ቆሎ እልክልሃለሁ፤ አንዷን ፍሬ ሳትጨርስ ሌላዋን አታንሣ።»

ከዚያ የከበደ ቅጣት አልተቀጣሁም። ሁለት ቀን እንደታሰረ በሬ ተንጎራደድኩ፤ በሐሳቤ እንግዶቼን ማን እንደወሰዳቸው ስቆጥር ዋልኩ። ሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ጣለኝና ከዓመታት ድካም ጋር ተኛሁ። አምስተኛው ቀን ላይ ውዳሴ ማርያም ስደግም፣ ካንዱ ቃል ወደ ሌላው ለመድረስ ያልቸኮልኩበት የመጀመሪያ ጊዜ እንደሆነ ልብ አልኩ። ቆሎውም ጣፈጠኝ። ገብሱ ሌላ ነው፣ ሽምብራው ሌላ ነው፤ ትንሽ ያረረችዋ ፍሬ ደግሞ ለብቻዋ ናት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ለመልቀም ሰባት ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ፍልሰታ ሲመጣ ሰባት ቀኔን እየወሰድኩ ወደዚያ ጠበል ወረድኩ። ከዚያ ትዳር፣ መኪና፣ ሁለት ስልክ መጣ፤ ክፉ ዘመንም መጣ። ሰባቱ ቀን ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ አንድ፣ አንዱም ጠፋ። ማንም አልወሰደብኝም፤ እኔው ነኝ እንደዚያ ቆሎ ሳላውቀው የጨረስኩት።

ታሪኩን ስጨርስ ጎሚስታው ጎማውን እየገጠመ ነበር። ታደለ ብሎኖቹን ያቀብለዋል። ያ ሕፃን እሱ መሆኑን መንገር አላስፈለገኝም። «እናትህ ግን ያን ቀን ለምን እንደጎደልኩ እስካሁን አታውቅም» አልኩት። «የኔታም አልነገሯት፣ እኔም ደፍሬ አልነገርኳትም።»

ታደለ ዞር ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ እናቴ እኮ ፍልሰታ በገባ ቁጥር ኪሴን ትፈትሻለች። ‹ቆሎ ይዘህ እንዳትዞር› ትለኛለች። ለምን ስላት፣ ‹ክርስትና በተነሣህ ቀን የሳመህ ሰው አፉ ቆሎ ቆሎ ይሸት ነበር፤ ከሱ ወዲህ እፈራለሁ› ትላለች። ማን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ነግራኝ አታውቅም።»

ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ልጇ ሲያቃስት፣ ያን መርፌ ቁልፍ ነክሳ ስትጠብቅ ሁሉ ታውቅ ነበር። ከዚያም በኋላ በየፋሲካው አቅፋ ስማኛለች፤ ቤቷ በገባሁ ቁጥር ከላይ አስቀምጣኛለች። ይህን ሁሉ ዓመት።

ከኪሴ ስልኩ ጮኸ። አውጥቼ አጠፋሁት፤ ሁለተኛውንም አጠፋሁና ሁለቱንም ለታደለ ሰጠሁት።

«ቅዳሜ የሚመጡትን እንግዶች ጌጡ ይቀበልልኛል፤ ደውልለት። ዘንድሮ ተራው የሱ ነው» አልኩት። «እኔን እናትህ ጋ አድርሰኝ። ከእሷ ጋ አንድ ወሬ አለኝ። ከዚያ ወደ ጠበሉ እወርዳለሁ።»

«ስንት ቀን?»

«ሰባት።»

ሞተሩን አስነሣ። ትንሽ እንደሄድን «ጋሼ፣ የጎጆው ቦታ ሁለት ሰው ይይዛል?» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። የቆሎውን ወረቀት አጣጥፌ ከፊታችን መስታወቱ ሥር አስቀመጥኩት። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ገና ብዙ ይቀረን ነበር።